ለስጥ የተሰጠ ጥላ

ሰው «እንደምን አደሩ» ሲለኝ፣ በልቤ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ሳልል «እግዚአብሔር ይመስገን» ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ እኔ ግን እየጠረጠርኩም ስመነጠር የኖርኩ ሰው ነኝ። ለዚህ ምስክሬ ሩዝ ነው።

ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ ሲገባ ጎልማሳ ነበርኩ። ክረምት ውሃ በሚተኛበት መሬት ላይ ዝሩት ሲሉን፣ ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ የተነሣው ተቃዋሚ እኔ ነኝ። «ይህ የውሃ ሣር ነው፤ ላሞቻችንን ከግጦሽ ሊነቅሉብን ነው እንጂ ሰው የሚበላው እህል አይደለም» ብዬ በአደባባይ ተከራከርኩ። ጎረቤቶቼ ዘሩ፣ እኔ ጠረጠርኩ። እነሱ አጭደው ወቅተው የቆርቆሮ ቤት ሠሩ፣ እኔ አሁንም እጠረጥር ነበር። ዛሬ ከምበላው እንጀራ ግማሹ የሩዝ ዱቄት ነው፤ በቆረስኩት ቁጥር የሚያፌዝብኝ ይመስለኛል።

ቤቴ ወረታ ነው፤ ከጎንደሩ መንገድ ተገንጥሎ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው መንገድ፣ በስተግራ፣ ከመንገድ ዳሮቹ ቤቶች ጀርባ። በእኛ ረድፍና በመንገድ ዳሮቹ መካከል የማንም ያልሆነ፣ የሁላችንም የሆነ አንድ ሜዳ አለ። ከኅዳር ጀምሮ የሰፈሩ ሴቶች ሸራ እያነጠፉ ሩዝ ያሰጡበታል። ከሁሉም ይልቅ ያ ሜዳ ጉሮሮ የሆነው ግን ለግድግዳ ጎረቤቴ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከገበሬው እርጥቡን ሩዝ ትገዛለች፣ ታሰጣለች፣ ሲደርቅ ወደ መፈልፈያ ትወስዳለች፣ በዚያ ልጆቿን ታስተምራለች። ሩዝ ደግሞ ኩሩ እህል ነው፤ ፀሐይ ካነሰው ወይ ይሻግታል ወይ መፈልፈያው ውስጥ ተሰባብሮ የዶሮ ቀለብ ይሆናል። ለኢድ ቤቷ ሄጄ ቴምር ስበላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ በጤፍ ይምላሉ፤ እኔ በፀሐይ ነው የምምለው» ትለኛለች።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በዚያች ፀሐይ ላይ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ደንብ አወጣ። መንገድ ዳር የሚሠራ ሰው ከምድር ቤቱ በላይ ሦስት ፎቅ ድረስ በመብቱ ይሠራል። ከዚያ በላይ መውጣት ካማረው ግን ለሕዝብ የሚጠቅም አንድ ነገር መሥራት አለበት፤ መተላለፊያ ይሁን፣ መጸዳጃ ይሁን፣ ሰፈሩ የተስማማበት ነገር። ያኔ «ተጨማሪ ወለል» ይፈቀድለታል። ይህን ስሰማ ለሁለት ቀን አልተኛሁም። መሬት መሸንሸንን አውቃለሁ፤ ሰማይ ሲሸነሸን ግን አልሰማሁም። ያ ከሦስተኛው ፎቅ በላይ ያለው አየር የማን ነበር? የእኛ ካልሆነ ለምን ይክሱናል? የእኛ ከሆነ ደግሞ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?

ከሜዳችን በስተደቡብ፣ መንገዱ ላይ፣ አንድ ባለሀብት ቦታ ገዝቶ አጥር አጥሮ ነበር። ዕድሜው ሃምሳ የሚሆን፣ በሳቁ ቀድሞ የሚመጣ ሰው ነው። ለዓመታት ከሐሙሲት እስከ አንበሳሜ ገበያ ሩዝ ሲነግድ ኖሮ አሁን ፎቅ ሊሠራ ነው። ሦስቱ ፎቅ አልበቃውም፤ አምስት ፈለገ። በምትኩ ያንን ጭቃና አቧራ ሜዳ ሲሚንቶ ሊያለብስልን፣ ዙሪያውን በድንጋይ ሊያስርልን፣ ቧንቧም ሊያስገባልን ቃል ገባ።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ፣ ጠዋት ዘንቦ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትወጣ፣ ሁላችንም ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። ከማዘጋጃ ቤት አንዲት ወጣት ባለሙያ ሜትርና ወረቀት ይዛ መጣች። ከጎረቤት አንድ ፈራሚ ምረጡ ተባለ።

«ጋሼ ይፈርሙ» አለች ጎረቤቴ። «ጋሼን ያሳመነ ሰው ሰይጣንን ያሳምናል።»

ሙገሳ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። መነጽሬን አወጣሁ። ወረቀቱ ገና በመጀመሪያው መስመር «ለኅብረተሰቡ የስጥ ወለል» ይላል። ፊደላችን አንዳንዴ ተንኮለኛ ነው፤ ፀሐይ ላይ የተዘረጋ እህልም «ስጥ» ነው፣ ክፈል የሚል ትእዛዝም «ስጥ» ነው። ከማዘጋጃ ቤት በመጣ ወረቀት ላይ ያንን ቃል ሳይ እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባ።

«ልጄ፣ ይህ እህሉ ነው ትእዛዙ?» አልኳት ባለሙያዋን።

«እህሉ ነው አባባ» አለች እየሳቀች።

«ይሁን። ይህ «ጂ ፕላስ አምስት» የሚለውስ?»

«ጂ ማለት ምድር ቤት ነው።»

«ታዲያ «ም» አይሉትም?»

ባለሀብቱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰው በሳቀ ቁጥር ደግሞ የእኔ ጥርጣሬ ይነቃል። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ሐረግ አገኘሁና አሰረዝኩ፤ በዕድሜዬ «እንደ አስፈላጊነቱ» ተብሎ የተሠራ ነገር አላየሁም። ሜዳው በር እንዳይበጅለት አስጻፍኩ። ቧንቧው ላይ ስደርስ ደግሞ ቆምኩ።

«ውሃ ይኖረዋል?»

«ቧንቧ ነዋ አባባ» አለ ባለሀብቱ። «ውሃማ የሚመጣው ከመስመሩ ነው።»

«አየህ? «ውሃ ያለው ቧንቧ» ተብሎ ይጻፍ።»

ተጻፈ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔም ደረቴ እየተነፋ ሄደ። ሩዝ ያዋረደኝን ያህል ሲሚንቶ ሊያስከብረኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ብዕሩን ተቀበልኩ። ልፈርም ስል ግን አንድ ነገር ታየኝ፤ ያየሁትም እኔ ራሴ ነኝ፣ ማንም አልነገረኝም፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ውርደቴን ስትሰሙ ይህችን አትርሱልኝ።

«ቆይ» አልኩ። «አምስት ፎቅ ጥላ አለው። ጥላው የት ነው የሚወድቀው?»

ባለሙያዋ ቀና አለች። ባለሀብቱ ሳቁን አቆመ፤ ወይም ያቆመ መሰለኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። የእጅ ሰዓት በሌለበት ዘመን፣ በጾም ቀን የመብያው ሰዓት መድረሱ የሚታወቀው በጥላ ነው። ሜዳ ላይ ቀጥ ብለህ ትቆማለህ፣ የራስህ ጥላ ጫፍ ያረፈበት ላይ ምልክት ታደርጋለህ፣ ከዚያ ተረከዝህን ከአውራ ጣትህ እያገናኘህ በጫማህ ትሰፍረዋለህ። ጥላው ይህን ያህል ጫማ ሲሞላ ይበላል። እኔ ቁመቴ አጭር፣ እግሬ ግን እንደ ታንኳ ነው፤ ስለዚህ በእኔ ሲሰፈር ጫማው ሁልጊዜ ይጎድላል። ጓደኞቼ «በእሱ አያሰፍሩ፣ በረሃብ ይፈጀናል» እያሉ የኔታን ይለምኑ ነበር።

ያንን ጥበቤን ላሳይ ፈለግሁ። ቀትር ደርሶ ነበር። ሜዳው መካከል እንደ እንጨት ቆምኩ። ጥላዬ ከእግሬ ሥር ተሰብስቦ አንድ ጫማ እንኳ አልሞላም፤ እሷም ብትሆን ወደ ደቡብ፣ ወደ መንገዱ ነበር ያጋደለችው። የአጥሩም ጥላ እንደዚያው፣ ከሜዳው ተቃራኒ።

«አያችሁ?» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ፎቁ ጥላውን የሚጥለው መንገዱ ላይ ነው። የእኛን ሜዳ አይነካም። በጫማዬ ሰፍሬያለሁ!»

«እኚህ አባት እኮ መሐንዲስ ናቸው!» አለ ባለሀብቱ፣ ሳቁ ተመልሶ።

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ጀመርኩ። ያን ጊዜ ጎረቤቴ፣ እጆቿን አጣምራ፣ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ» አለች።

«አቤት።»

«ሩዝ በሰኔ ይሰጣል እንዴ?»

ከዚያ አንዷ ሴት ፈነዳች፣ ሌላዋ ተከተለች፣ መንገድ ዳር የቆመ የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሳቀ። እኔ ብዕሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። በሰኔ ፀሐይ አናታችን ላይ ናት፣ እንዲያውም ወደ ሰሜን ታጋድላለች። ሩዝ የሚሰጣው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ያን ጊዜ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ሸሽታ በጎን ነው የምታየን፣ ጥላም ተገልብጦ ወደ ሰሜን ይተኛል። ሰሜኑ ላይ ያለው ደግሞ የእኛ ሜዳ ነው።

የኔታ ይህን ያስተምሩ ነበር፤ የጥላው ጫማ በየወሩ እንደሚለዋወጥ፣ የታኅሣሡ ከሰኔው እንደማይገናኝ። እኔ ግን ከትምህርት ቤት የኮበለልኩት በሰኔ ነው። የማውቀው የክረምት መግቢያዋን ፀሐይ ብቻ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ አልደረስኩም።

ብዕሩን ለባለሙያዋ መለስኩላት። «ልጄ፣ የተማርሽው እስከ ታኅሣሥ ነው?»

አልሳቀችብኝም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ። ስልኳ ላይ ቁጥር ነካካች። በታኅሣሥ ቀትር ላይ አሥር ሜትር ቁመት ያለው ነገር ሰባት ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል አለች። ከዚያ አንድ ቆርቆሮ ኖራ አስመጥታ ሜዳው ላይ አሰመረች። የመጀመሪያው መስመር፣ ባለሀብቱ በመብቱ ሦስት ፎቅ ቢሠራ ጥላው የሚደርስበት፤ ወደ ሜዳው ግማሽ ይጠጋል። ሁለተኛው፣ አምስቱን ሲሠራ፤ እሱ ሜዳውን ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው እኛ ቤት አጥር አጠገብ ነው የቆመው።

ጎረቤቴ ሁለተኛው መስመር ላይ ሄዳ ቆመች። ከመስመሩ ወዲያ የቀራት መሬት ለአንድ ሸራ አይበቃም። ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው። «ወላሂ» አለች፣ «በሲሚንቶ ላይ ሩዝ ሊያሻግቱልኝ ነው።»

አየሩ ተለወጠ። እኔ ባለሀብቱን ወደ ጎን ሳብኩት።

«ወንድሜ፣ አንተ በሩዝ ንግድ አይደል የከበርከው?»

«በእግዚአብሔር ቸርነትና በሩዝ» አለ።

«ታዲያ ሩዝ በስንተኛው ወር እንደሚሰጣ አታውቅም ነበር?»

ትክ ብሎ አየኝ። «እርስዎስ አባባ፣ ሩዝ ሲበሉ ስንት ዓመትዎ ነው?»

የእኔ ድንቁርና የእውነት ከሆነ የእሱም የእውነት ሊሆን ይችላል። ይችላል አልኩ እንጂ ነው አላልኩም። ሌሊቱን ስገለባበጥ ያደርኩት በዚችው ነው፤ ሰኔን ለስብሰባ የመረጠው ማን ነበር?

በሳምንቱ እንደገና ተሰበሰብን። ባለሀብቱ ብረቱ እየዛገ እንደሆነ፣ ካልፈረምን ወረቀቱን ጥሎ ሦስቱን ፎቅ በመብቱ እንደሚሠራ ነገረን። ይህ ማስፈራሪያ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ ግን እውነትም ነበር። ያን ጊዜም እስከ መጀመሪያው መስመር ድረስ ፀሐያችን ይወሰድብናል፣ ሲሚንቶም የለ፣ ቧንቧም የለ።

እኔ ሌሊቱን ሳወጣና ሳወርድ ያደርኩትን ብልሃት አቀረብኩ። «ፎቁን ሥራ። የስጡን ወለል ግን ጣሪያው ላይ አድርግልን። ሰማያችንን ወስደህ እዚያው ሰማይ ላይ መልስልን። ፀሐይ እንደ ልብ ነው፣ ዶሮም አይደርስበትም።»

ሴቶቹ ተያዩ።

«ጋሼ» አለች ጎረቤቴ፣ «አንድ ኩንታል እርጥብ ሩዝ አምስት ፎቅ ሙሉ የሚሸከምልኝ እርስዎ ነዎት?»

ብልሃቴን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። እዚያው አለ፤ ሌላ ከተማ የሚፈልገው ካለ በነፃ እሰጣለሁ።

ያን ጊዜ እሷው ወደ አጥሩ ጥግ ጠቆመች። እዚያ የሰፈሩ ድመት ተቀምጣ ወፍ ታደባ ነበር፤ ከፊት እግሮቿ ቀጥ ብላ፣ ከኋላ ዝቅ ብላ።

«እንዲያ አይቀመጥም?» አለች።

«ማን?» አለ ባለሀብቱ።

«ፎቁ። መንገዱን ሲያይ ቀጥ ይበል፣ እኛን ሲያይ ቁጢጥ ይበል።»

ባለሙያዋ እርሳሷን አወጣች። ጉልበቷ ላይ ወረቀቱን አድርጋ ሣለችው፤ ከመንገዱ በኩል ግማሹ እስከ አምስት ይወጣል፣ ከእኛ በኩል ያለው ግማሽ ከሁለት አያልፍም። የፊተኛው ረጅሙ ጥላ የገዛ ጀርባው ላይ ይወድቃል፣ የኋለኛው አጭሩ ደግሞ ከሁለቱም የኖራ መስመሮች በፊት ይቆማል። ሦስተኛ መስመር አሰመረች። በመብቱ ሦስት ፎቅ ሠርቶ ዝም ቢለን ኖሮ ከሚቀርልን ፀሐይ ይልቅ ይህኛው ይበልጣል። እኛ ሲሚንቶውን ስንጎመጅ፣ ከሰውየው የሚያስፈልገን ትልቁ ነገር ያልሠራው ነገር ሆኖ ተገኘ።

ባለሀብቱ በመብቱ ከነበረው ከኋላ አንድ ፎቅ ክፍል አጣ፤ ከፊት ሁለት አገኘ። ራሱን አከከ፣ አወጣ አወረደ፣ ስልክ ደወለ፣ ተመለሰ። «እሺ» አለ። ያለ ሳቅ ስላለው ይህን «እሺ» ከሌሎቹ ይልቅ አመንኩት። የግድግዳው ጥላ በታኅሣሥ ቀትር ከሦስተኛው መስመር እንዳያልፍ ውሉ ውስጥ በጉልህ አስጻፍኩና ፈረምኩ። ፈርሜም አልተኛሁም።

ሕንፃው ሲወጣ ከተማው «ድመቷ» አለው። አሁን ባጃጅ ስትሳፈሩ «ድመቷ ጋ አውርደኝ» ብትሉ ማንም አይስታችሁም። ሜዳው ሲሚንቶ ለብሷል፤ ቧንቧውም አለ፣ ውሃም አለው፣ ሁልጊዜ ባይሆንም። በሦስተኛው የኖራ መስመር ፋንታ ድንጋይ ተተክሏል፤ ያስተከልኩት እኔ ነኝ፤ ኖራ ይታጠባል፣ ሰውም ይረሳል።

ሕንፃው ካለቀ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ታኅሣሥ፣ በየቀኑ ቀትር ላይ ድንጋዩ አጠገብ እየቆምኩ ሰፈርኩ። የግድግዳው ጥላ ከድንጋዩ አላለፈም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በአራተኛው ቀን ግን አንድ ነገር አየሁ። ከድንጋዩ ወዲህ፣ በጎረቤቴ ሩዝ ላይ፣ አንዲት ክብ ጥላ ተቀምጣለች፤ ስፋቷ የሰፌድ ያህል ናት። ቀና ስል የውሃ ታንከር ነው። የኋለኛው ጣሪያ ጠርዝ ላይ፣ ጥቁር፣ ድብልብል ያለ። ወረቀቴን ከሣጥን አውጥቼ አራት ጊዜ አነበብኩ። ስለ ግድግዳ አለ፣ ስለ ወለል አለ፣ ስለ በር አለ። ስለ ታንከር አንዲት ቃል የለም።

«አላልኩሽም?» አልኳት ጎረቤቴን፣ ከዘራዬን እየነቀነቅሁ። «ልሄድለት ነው! እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ነው የማዋርደው!»

እሷ መንሹን ይዛ ጎንበስ እንዳለች ነበር። «ተዉት ጋሼ።»

«እንዴት ልተወው? ፀሐይሽ ላይ ነው የተቀመጠው!»

«አትቀመጥም፣ ትሄዳለች» አለች። «ጠዋት ከዚያ ሸራ ጥግ ትነሣለች፣ እየተሳበች እዚህ ትደርሳለች። እኔ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተልኩ አገላብጣለሁ። እሷ ያለፈችበት ከተገላበጠ፣ ማታ አንድም ያልደረሰው ፍሬ የለም። ዘንድሮ ስባሪዬ ከወትሮው አንሷል።»

ቆሜ አየሁ። እውነቷን ነው። ክቧ ጥላ በዝግታ ትሳባለች፣ መንሹ ይከተላል፣ ሩዙ እየተንሿሿ ይገለበጣል። የኔታ በጫማ የሰፈሩትን እሷ በታንከር ትሰፍራለች፤ ያውም እግሯን ሳታደክም።

ከዘራዬን ወደ መሬት መለስኩ። ጠጋ አልኳትና ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አድርጌ በጆሮዋ፣ «ይህን ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት።

«ለምን?»

«ባለሀብቱ ከሰማ፣ «ሰዓት ሰጥቻችኋለሁ» ብሎ ስድስተኛ ወለል ይጠይቅበታል።»